ሦስተኛው ማዕርግ ያልተረሳበት ባቡር

የሚወዱትን ታላቅ ነገር አሳንሶ ሠርቶ በቤት ማኖር ጥንታዊ ልማድ ነው። በአገራችን ልጆች በጭቃ በሬና ላም፥ በአገዳ ጋሪና ቤት ሲሠሩ ያላየ ሰው አይገኝም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበውም ነገር ከዚሁ ወገን ነው። ይኸውም ስለ አምሳያ ባቡር፥ ይልቁንም ለአምሳያው ባቡር የሚስማማ የመንገደኛ ፉርጎ ተፈልጎ ስለሚገኝበትና በሚገባ ተሠርቶ ስለሚጠናቀቅበት ዘዴ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ይህን የምንጽፈው ለትምህርት ተልከን በምንገኝበት፥ በካምፓላ ከተማ፥ በማኬሬሬ ኮረብታ ላይ ሆነን ነው። ዛሬ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማኬሬሬ በ1922 ሲከፈት የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 14 ተማሪዎችም የተማሩት አናጢነትን፥ ግንበኝነትንና የመካኒክ ሥራን ነበር። ስለዚህ በዚህ ኮረብታ ላይ ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ መናገር ከስፍራው ታሪክ ጋር የሚስማማ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም እዚህ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጆቻችን ጋር እየተሰበሰብን፥ በሁለት ጠረጴዛ ላይ የአዲስ አበባንና የጅቡቲን የድሮ ባቡር በትንሹ መሥራት ከጀመርን ሁለተኛው ዓመት ተጋምሶአል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት፥ አማርኛን በማጥናት ላይ ላሉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ባቡር የሚለው ቃል የመጣው ከእንፋሎት ስም ነው። ጣሊያኖች እንፋሎትን ቫፖሬ ይሉታል፤ ቃሉ በዐረብኛ በኩል ባቡር ሆኖ ወደ እኛ ደረሰ። የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ለሆነው ለእኛም ይህ ቃል እንግዳ አልሆነብንም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በእርሱ አንድ ናቸውና። ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። ፉርጎ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን በፈረንሳዮች ዘንድ የዕቃ መጫኛው ስም ነው፤ በአማርኛ ግን የሰውም የዕቃም ሆኖአል። ስለዚህ ሰው የሚሳፈርበትን ለይቶ ለመናገር «የመንገደኛ ፉርጎ» ማለት ይገባል። ለገሃር የተባለው የአዲስ አበባ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

የምሥራቅ አፍሪካን የድሮ ባቡሮች የሚያመሳስላቸው የሐዲዳቸው ጠባብነት ነው። በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው የዩጋንዳ ባቡር በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደረሰ፤ በ1931 ደግሞ በጂንጃ ነጭ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ካምፓላ ገባ። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሁለቱም ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው። ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 አሥመራ የገባው ባቡር የሐዲዱ ስፋት 95 ሴንቲሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር ግን 1 ሜትር ከ43 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። በመደብር የሚሸጡት አምሳያ ባቡሮች አብዛኞቹ የተሠሩት በዚህ በሰፊው ሐዲድ አምሳል ስለ ሆነ፥ የድሮውን ባቡራችንን መሥራት የሚፈልግ ሰው ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

የአምሳያ ሥራ መሠረቱ ልክ ነው። በዓለም በብዛት የተለመደው ልክ 1 ለ87 ነው፤ ይህም የእውነተኛው ነገር ርዝመት ለ87 ተካፍሎ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ልክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። 17 ሜትር ከ40 የሚረዝም ፉርጎም 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። የ1 ሜትር ሐዲድ ስፋቱ 11 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ስለሚሆን፥ 12 ሚሊሜትር የሆነው የአምሳያ ሐዲድ ይስማማዋል። በመደብር በሚበዛው በ16 ሚሊሜትር ተኩል ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ ግን በአውሮፓ ሰፊ መንገድ ላይ እንደ ሄደ ሆኖ ይታያልና የአገራችንን መልክ ያጣል።

ባቡሩን የሚጎትተውን ራስ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም፤ ሰው ሁሉ ሲያደንቀውና ፎቶግራፍ ሲያነሣው የኖረው እርሱን ነውና። የመንገደኛ ፉርጎ ግን ከኋላ ተከታትሎ የሚያልፍ ስለ ሆነ መልኩን ልብ ብሎ የያዘው ጥቂት ሰው ነው። ፉርጎውን ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በስዊስ አገር ያለውን የሬቲያን ባቡር አምሳያ መግዛት ነው። የዚህ ባቡር ሐዲድ እንደ እኛው 1 ሜትር በመሆኑ፥ ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1 ለ87 ልክ፥ ለ12 ሚሊሜትር ሐዲድ የሚሆኑ ፉርጎዎችን ይሠራል። ሁለተኛው አሮጌና የተሰበረ አምሳያ ፈልጎ ጣራውንና ጎማውን ብቻ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ጎማውን ገዝቶ አካሉን ከቀጭን እንጨት፥ ከካርቶን ወይም ከፕላስቲክ ገበታ በገዛ እጅ መሥራት ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን፥ ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ ፉርጎውን በማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ቀለም ይለወጣል፤ ጣራም ይነሣል፤ በሮችም ይቀየራሉ። የመስኮቶቹ ብዛትና ርቀት ግን እንደ ሰው ፊት ናቸው፤ እነርሱ ካልተመሳሰሉ ሌላው ሁሉ ቢያምር ፉርጎውን የሚያውቅ ሰው አይቀበለውም።

በሥራችን መካከል ክርክር የተነሣው ግን በመሣሪያ ወይም በገንዘብ ምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያ የተገኙት ሦስት ፉርጎዎች አንዱ የምግብ ቤት፥ ሁለቱ የአንደኛ ማዕርግ ነበሩ። መልካቸው ያማረ ስለ ነበረ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ይህ ይበቃል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ልዩ ፉርጎ ጨምረን ሥራውን እንፈጽም» አሉ። በዚያው ሰሞን ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከድሬዳዋ የመጡ አንዲት እናት ባቡሩ ሲዞር ቆመው ተመለከቱ። ልጆቹም «እማማ፥ ያውቁታል?» ቢሏቸው፥ «እንዴት አላውቀው፤ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ነገር ግን እኛ የት ነው የተቀመጥነው?» ብለው ጠየቁ። እኒህ እናት በልጅነታቸው የተሳፈሩት በሦስተኛው ማዕርግ፥ በእንጨት አግዳሚ ላይ ነበር። ከልጆቹ መልስ የሰጠ አልተገኘም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ስለ ሦስተኛው ማዕርግ ሲነሣ፥ «ድህነታችንን ለእንግዳ ማሳየት ምን ያደርግልናል?» ሲል ተቃወመ። ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በሰው አገር የሚኖር ሰው አገሩ በመልካም እንድትታይለት መፈለጉ የተገባ ነውና። ቢሆንም እኛ በዚህ አሳብ አልተስማማንም። እህሉን፥ ቡናውንና ጫቱን ይዞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይመላለስ የነበረው፥ ለከተማው ጕልበቱን ሊሸጥ የመጣው፥ ዘመዱን ሊቀብር የገሠገሠው ሰው ብዙው የተሳፈረው በዚያ አግዳሚ ላይ ነው። እርሱን ያወጡለት ባቡር ያማረ ዕቃ ይሆናል እንጂ ያንን ባቡር አይሆንም። ልጆቹም አያታቸው ያልተሳፈሩበትን ባቡር የአገራችን ባቡር ብለው ያድጋሉ።

የሚጠበቀውንና የሚጠፋውን ፉርጎ ለማስተያየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1900 በኬንያ ምድር በኪማ ጣቢያ ቻርልስ ራያል የተባለ የባቡር ፖሊስ ሹም፥ ሰው የሚበላ አንበሳ ለመግደል በፉርጎ ውስጥ ሆኖ ሲጠባበቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ አንበሳውም ገብቶ ጎትቶ ወሰደው። ያ ፉርጎ በናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። የአገራችን ንጉሠ ነገሥት ልዩ ፉርጎዎችም እንዲሁ ለመታሰቢያ ተጠብቀው ቈይተዋል። ዝነኛው ፉርጎ ጠባቂ አያጣም። ሦስተኛው ማዕርግ ግን ሲያረጅ ብረቱ ለብረት፥ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል። ስለዚህ ልኩን መያዝ የእኛ የተራ ሰዎች ፋንታ ነው።

የሦስተኛው ማዕርግ ልክ የተገኘው እንዲህ ነው። የውጭውን መልክ ከፎቶግራፎች ወሰድን፤ መስኮቶቹን ቈጠርን። በበሩ አጠገብ የቆመ ሰው ባለበት ፎቶግራፍ የሰውየውን ቁመት መለኪያ አደረግን። ውስጡን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ስላልነበረን ግን ወደ እኒያ እናት ተመለስን። እርሳቸውም «ጕልበቴ ከፊት ለፊቴ ከተቀመጠው ሰው ጕልበት ሊነካ ጥቂት ይቀረው ነበር» አሉን። ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት አድርገን፥ እርሳቸውን አስቀምጠን፥ «እዚህ ላይ ነው» እስኪሉ ድረስ ልጆቹ ሌላውን ወንበር አስጠጉት። ከመደገፊያ እስከ መደገፊያ ሲለካ 1 ሜትር ከ57 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ለ87 ሲካፈል 18 ሚሊሜትር ነው። ይህም ልክ በፎቶግራፉ ከታየው ከመስኮቶቹ ርቀት ጋር ተስማማ። የሰው ትዝታና የፎቶግራፍ ምስክርነት ሲገናኙ እንዲህ ያለ ዋጋ አላቸው።

አሁን ወደ ማጠናቀቂያው ሥራ እንምጣ። ፉርጎው አስቀድሞ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ የእጅ ወዝ ካለበት ቀለም አይዝም። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይሻሻል፤ የተሰነጠቀው ሁሉ በስቱኮ ይደፈናል። መነሻው ቀለም በስሱ ይቀባና አንድ ቀን ይቈያል። ከዚያ ፈዛዛው ቀለም ይቀድማል፤ እርሱ ፈጽሞ ሲደርቅ ሳይቀባ መቅረት ያለበት ቦታ በተጣባቂ ወረቀት ተሸፍኖ ደማቁ ይከተላል። እንደ ካምፓላ ዝናብ በሚበዛበት አገር፥ ሰማዩ በጠቈረበት ሰዓት ቀለም መቀባት አይገባም፤ እርጥበት መልኩን ያደበዝዘዋል። በመጨረሻም የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ትንሽ ነገር ከመጠን በላይ ሲያብረቀርቅ መጫወቻነቱ ይጋለጣልና። ከበሮቹ በታችና ከጎማዎቹ አጠገብ ጥቂት የበረሃ አቧራ የመሰለ ቀለም መንካት ይበቃል፤ ሦስተኛ ማዕርግ ነው ብሎ ማቈሸሽ ግን ስድብ ነው።

ለመስኮት መስተዋት ስስ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይሆናል። በቶሎ የሚደርቀው ኃይለኛ ማጣበቂያ በእንፋሎቱ መስተዋቱን ስለሚያጨልም፥ ነጩን የእንጨት ኮላ በጠርዙ ብቻ መቀባት ይሻላል። ጥቂት መስኮቶች እንደ ተከፈቱ ሆነው ቢቀሩ ያምራል። አግዳሚዎቹ ከተቀመጡ በኋላ መንገደኞቹ ይገባሉ፤ ነጠላ የለበሰች ሴት፥ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ፥ ልጅ ያዘለች እናት፥ ከአግዳሚው ሥር ቅርጫትና ጆንያ ይኖራሉ።

ቀላል ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣል። የአሜሪካ የአምሳያ ባቡር ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር በ1 ለ87 ልክ፥ በተለመደው ሐዲድ ላይ ለሚሄድ 20 ሴንቲሜትር ፉርጎ 140 ግራም ያህል ክብደት ይመክራል፤ ለጠባቡ ሐዲድ ግን ክብደቱ ከዚህ ቀለል ይላል። ክብደቱን ለመጨመር የብረት ሮንዴላና ዳዶ ከወለሉ በታች ማጣበቅ መልካም ነው። እርሳስ መርዝ ስለ ሆነ ልጆች በሚነኩት ነገር ውስጥ አይግባ። ሐዲዱ የሚታጠፍበትም ቦታ ጠባብ መሆን የለበትም፤ ከመዞሪያው መካከል እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት የረጅሙን ፉርጎ 3 እጥፍ ቢሆን፥ ማለት ለ20 ሴንቲሜትር ፉርጎ 60 ሴንቲሜትር ቢደረግ፥ ባቡሩ ያለ ችግር ይዞራል።

እነሆ ባቡራችን ዛሬ ከአንደኛው ማዕርግ ፉርጎዎች ኋላ ሁለት የሦስተኛ ማዕርግ ፉርጎዎችን ይጎትታል። የተቃወመው ጓደኛችንም ለሁለተኛው ፉርጎ አግዳሚዎቹን የሠራው እርሱ ነው። በድሬዳዋ፥ በአሥመራ፥ በጂንጃም ሆነ በሌላ ስፍራ አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ ቆሞ የሚያይ አንባቢ፥ ፈቃድ ጠይቆ ርዝመቱን፥ ስፋቱንና የመስኮቶቹን ቍጥር በደብተሩ እንዲመዘግብ እንመክራለን። በቤቱም በዚያ የተሳፈሩ ሽማግሌ ወይም እናት ቢኖሩ፥ የተቀመጡበትን ቦታ ሳይውል ሳያድር ይጠይቃቸው። የአዲሱን መሥመር ፉርጎዎች የሚሳፈሩ ልጆችም ከአሁኑ መለካት ይልመዱ። በሚመጣው ጊዜ ስለ ጣቢያ ቤት አሠራር እንጽፋለን።