ቸርኬ ከማሳደጋችን በፊት መንገዱን እንጠይቅ

ድሬዳዋ ከመንኮራኩር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከዚህ ሲደርስ በደቻቱ ዳርና ዳር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ኑሮዋን በባቡር፣ በጋሪ፣ ኋላም በፔጆ 404 ታክሲና በባጃጅ ላይ መሥርታ ኖራለች። ስለ መንኮራኩር መከራከር ታዲያ ለድሬ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ የምናነሣውም ክርክር በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በሳቢያን የመኪና እጥበት ቦታዎች፣ በተማሪዎች መኝታ ክፍል ሳይቀር የሚደመጥ ነው፦ መኪናን «ስፖርት» ለማድረግ ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ቸርኬ አውልቆ በትልቅ የአሉሚኒየም ቅይጥ ቸርኬ መተካት ይገባልን?

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ የስፖርት መኪና በከተማችን በጣት የሚቆጠር ነው። ወጣቱ ስፖርት መኪና የሚያደርገው ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉትን ለብዙ ዓመት ጠብቀን መያዝ ግድ ይለናል። ውበትን አንንቅም፤ ሰው መኪናውን ቢያስጌጥ አያስነቅፈውም። የእኛ አስተያየት ግን በአጭሩ ይህ ነው፦ የቸርኬ መጠን ለመንገድ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ መንገድ ደግሞ ትልቁ ቸርኬ ትክክለኛው መልስ አይደለም።

ጥቅሙን አንካድ

የትልቅ ቸርኬ ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ያጥራል፤ አጭር ጎን በመታጠፊያ ላይ እምብዛም ስለማይለመጥ መኪናው ለመሪው ቶሎ ይታዘዛል። በትልቅ ቸርኬ ውስጥ ትልቅ የፍሬን ዲስክ ማስገባትም ይቻላል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት በተሻለ ያስተላልፋል፤ እፍጋቱም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ገደማ ሲሆን የብረት 7.8 ያህል ነው። ለስላሳ በሆነ የውድድር አስፋልት ላይ እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው።

ይሁን እንጂ ቀላል ማዕድን ሁልጊዜ ቀላል ቸርኬ አይሰጥም። በቅርጽ አፍስሰው የሚሠሩት ርካሽ ቸርኬዎች ጥንካሬ እንዲያገኙ ወፍራም ስለሚደረጉ፣ ባለ 17 ኢንቹ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከባለ 15 ኢንቹ የብረት ቸርኬ ከብዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ ብረቱ ከመካከል ርቆ ይቀመጣል። በባለ 15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ ያለ 1 ኪሎ ግራም መኪናው ሲፈጥን እንደ 1.38 ኪሎ ግራም ይከብዳል፤ የጎማው ውጫዊ ስፋት ሳይለወጥ ጠርዙ ወደ 17 ኢንች ሲርቅ ግን እንደ 1.49 ይሆናል። ፍሬን ስንይዝም ያንኑ ሽክርክሪት ማቆም አለብን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የብዙ ኮሮላዎችን ጎማ እንውሰድ፤ በጎኑ ላይ 195/60 አር 15 ተብሎ ተጽፏል። 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 60 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ 15 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ስለዚህ የጎኑ ቁመት 117 ሚሊ ሜትር፣ የመላው ጎማ ስፋት ደግሞ 615 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አሁን ቸርኬውን ወደ 17 ኢንች እናሳድግ። ተገቢ የሚባለው ጎማ 205/45 አር 17 ነው፤ መላ ስፋቱ 616 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይሳሳትም። የጎኑ ቁመት ግን ወደ 92 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከጉድጓድ ጠርዝ ጋር ስንጋጭ ድንጋጤውን መጀመሪያ የሚቀበለው ይህ የአየር ትራስ ነው። የሚቆምበት ርቀት ሲያጥር የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል፤ ቀለል ባለ ግምት ጎኑ እስከ መጨረሻው ቢጨፈለቅ አማካይ ኃይሉ 27 በመቶ ያህል ይበልጣል። ትርፉ የሚሄደው ወደ ቸርኬው፣ ወደ ኩሽኔታው፣ ወደ አሞርዛተሩና ወደ ተሳፋሪው ወገብ ነው።

ብዙ ሰው የማያነበው ሌላም ቁጥር አለ። በባለ 15 ኢንቹ ጎማ ላይ የሚገኘው የጭነት ምልክት ብዙውን ጊዜ 88 ሲሆን ጎማው 560 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። በተለመደው 205/45 አር 17 ላይ ያለው 84 ነው፤ ይኸውም 500 ኪሎ ግራም። በአራቱ ጎማ ሲደመር መኪናው 240 ኪሎ ግራም የመሸከም አቅም አጣ፤ ሦስት ተሳፋሪ ከነሻንጣቸው እንደማለት ነው። የተጠናከረ ዓይነት ጎማ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ግን ጠይቆ መግዛትንና በቂ ነፋስ መሙላትን ይፈልጋል። በግንቦት ሙቀት በጋለ አስፋልት ላይ ከአቅሙ በላይ የተጫነ፣ ነፋሱም የጎደለ ጎማ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ይህን ፈርተው ረጅም ጎን ያለው ጎማ የሚያስገቡም አሉ፤ ለምሳሌ 205/55 አር 17። ስፋቱ 657 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭማሪው 6.9 በመቶ። መለኪያው 80 ሲል መኪናው በ85.5 ይሮጣል፤ ሊበርድ የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበትም 14 በመቶ ይጨምራል። በፔዳሉ ላይ ያረፈው እግር ሳይለወጥ መሬት ላይ የሚደርሰው የፍሬን ኃይል ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ደንገጎ ላይ

እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ትንንሽ ይመስላሉ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎን መንገድ እናስብ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የሀረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን 800 ሜትር ሲወርድ 9.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት በሞተሩ፣ በአየሩና በፍሬኑ መጥፋት አለበት። ቸርኬው አድጎ ዲስኩ ያው የድሮው ከሆነ ፍሬኑ ያገኘው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል።

በዚሁ መስመር ተሳፋሪ በማመላለስ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንድ ወዳጃችን በዕቁብ ገንዘቡ ያገለገሉ ባለ 17 ኢንች ቸርኬዎች ገዝቶ ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደሠራ የፊት ቀኙ ጎማ ሌሊት ሌሊት ነፋስ ያጎድል ጀመር። እርሱም እየሞላ ይወጣል። ጎሚስታው ጎማውን አውልቆ በሳሙና ውኃ ሲፈትሽ አረፋው የወጣው ከላስቲኩ ሳይሆን ከቸርኬው ነበር፤ በውስጥ በኩል የጣት ያህል ስንጥቅ አለበት። ወዳጃችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና በዚያ ሳምንት ከደንገጎ ያወረዳቸውን ሰዎች በስም ይቆጥር ጀመር።

ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የብረት ቸርኬ ሲመታ ይጎብጣል፤ መጉበጡም ይታያል። አፍስሰው የሠሩት የአሉሚኒየም ቅይጥ ግን ብዙ ሳይጎብጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። በብየዳ ማስጠገንም መፍትሔ አይደለም፤ ቅይጡ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ የብየዳው ሙቀት የስንጥቁን ዙሪያ መልሶ ያለሰልሰዋል።

እሽቅድድም የሚያውቁትስ?

«የስፖርት መኪኖች ሁሉ ትልቅ ቸርኬ አላቸው» የሚለን ወጣት የዓለም የራሊ ሻምፒዮናን ይመልከት። እነዚያው መኪኖች በአስፋልት ሲወዳደሩ 18 ኢንች፣ በጠጠር መንገድ ሲወዳደሩ ግን ጎኑ ረጅም የሆነ 15 ኢንች ያስገባሉ። ፎርሙላ ዋንም ቢሆን እስከ 2021 የውድድር ዘመን ድረስ ለአሥርታት ያሽከረከረው በ13 ኢንች ቸርኬ ነበር፤ በ2022 ወደ 18 ኢንች ሲሸጋገር መኪኖቹ እንደ አዲስ ተነድፈዋል፣ ክብደታቸውም ጨምሯል። በድርጅት ደረጃ የሚወዳደሩት ሰዎች ቸርኬን ለብቻው ለውጠው አያውቁም ማለት ነው።

እኛ ድሬዎች ይህን ከባቡራችን ልንማረው በተገባ ነበር። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ መንኮራኩርና መንገድ አብረው የሚነደፉ ጥንዶች ናቸውና። የእኛ መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን፣ ጉድጓድ፣ ምልክት ያልተደረገበት የፍጥነት ማገጃና ከጎርፍ በኋላ የሚቀር አሸዋና ድንጋይ ያለበት ነው። ይህ መንገድ የሚፈልገው በቂ ነፋስ ያለው ረጅም ጎን ነው።

በመሆኑም የምንመክረው ይህን ነው። ቸርኬ ለመግዛት የተቆጠበው ገንዘብ አስቀድሞ ለአዲስ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለአሞርዛተር ይዋል፤ መኪና መንገድ የሚይዘው በእነዚህ ነው። ውበቱ ግድ ነው የሚል ሰው በፋብሪካው መጠን የተሠራ፣ ያልተጠገነ የአሉሚኒየም ቸርኬ ያስገባ። ማሳደግም ካለበት ከአንድ ኢንች አይለፍ፤ የጎማው መላ ስፋት አይለወጥ፣ የጭነት ምልክቱም ከቀድሞው አይነስ።

ውድ ተማሪዎች፣ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ስሌት በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ማባዛትና በመቶ ነው። ዛሬ ከትምህርት ስትመለሱ በቆመ መኪና ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡና አስሉት። ወንድማችሁ ወይም አጎታችሁ የቸርኬ ዋጋ ለመጠየቅ ሲነሣም ከመሄዱ በፊት ወረቀቱን አሳዩት።