የሚዛን ሠራተኞቻችን ወደ ሙያው ይግቡ

ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ገንፎ አሠራር ሳይቀር ብዙ ምክር ሲሰጠን ቆይቷል። ምክሩን የሚሰጠው ባለሙያ የት እንደሚሠለጥን፣ ከእኛ ከስደተኞች መካከል ለምን እምብዛም እንደማይወጣ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። እዚህ ካኩማ ልጆቻችንን እየመዘኑ ዓመታት ያስቆጠሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ለበሽተኛ የሚስማማውን ምግብና መጠኑን የሚወስን የተመዘገበ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ማለትም ዳይቲሺያን፣ የሚሆኑበት መንገድ ሊከፈትላቸው ይገባል እላለሁ።

የሚዛኑ ሥራ ቀላል አይደለም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበት ይባላል። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ መካከለኛ ነው። ይህን ለክቶ፣ የእግሩን እብጠት ተጭኖ አይቶ፣ ፓኬት ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰውንና ሆስፒታል የሚተኛውን ለይቶ የሚልከው ብዙውን ጊዜ ስደተኛው ሠራተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ሕፃናቱ በቤታቸው እንዲታከሙ የሚያስችለውን አሠራር በጋራ ከደገፉ ወዲህ የዚህ ሰው ድርሻ በጣም ጨምሯል።

ይሁንና ምግቡ የሚያሳስበው ሕፃኑ ብቻ አይደለም። ስኳር፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አዋቂዎችም ይሰለፋሉ። ስኳር ላለባት እናት «ጣፋጭ ይተዉ፣ አትክልት ያዘውትሩ» ይባላል። እሷ የምትቀበለው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው፤ ጎመን በገንዘብ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ድጋፉ ተቀንሶ ቤተሰብ በችግሩ መጠን መመደብ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ያ ምክር ለብዙዎች ቀልድ ይመስላል። ያንኑ እህል በስንት ጊዜ ከፋፍላ፣ ከምን ጋር ቀላቅላ፣ ከመድኃኒቷ ሰዓት ጋር እንዴት አስማምታ ትብላ? ነርሷ ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ አለ። ይህን ቁጭ ብሎ ማስላት የሌላ ሰው ሙያ ነው።

ጾሙንም እንይ። ኢንሱሊን የምትወጋ እናት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትውላለች፤ አባወራው በረመዳን እስከ ማታ ይቆያል። «አይጹሙ» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው። ሰውየው ግን ይጾማል፣ ለሐኪሙም አይነግርም። የሠለጠነ ባለሙያ መርፌው መቼ እንደሚወጋ ይጠይቃል፣ ስለ መጠኑ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል፣ ስኳሩ ሲወርድበት ወዲያው ጾሙን እንዲፈታ ይመክረዋል። ቋንቋውንና ጾሙን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ በሽተኛው እውነቱን ይነግረዋል።

ለደም ማነስ የሚመከረው ምስርና ባቄላም ኩላሊቱ ተዳክሞ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ለበዛበት ሰው በመጠን መሆን አለበት። ሆስፒታል የተኛ በጣም የተጎዳ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባል ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ የያዘው የሰውነቱ አቅም ስለተዳከመ ነው። ዘመድ አዝኖ ጠንካራ ምግብ ቢያጎርሰው ሊጎዳው ይችላል። «ምግብ መቼም አይጎዳም» የሚለው ልማዳችን ሁልጊዜ አይሠራም።

ታዲያ ሙያው እንዴት ይገኛል? በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ የሥነ ምግብና የዳይቴቲክስ ባለሙያዎችን የሚመዘግብና ፈቃድ የሚሰጥ ተቋም አቋቁሟል። ዲፕሎማውን የኬንያ የሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ ይሰጣል፤ ዲግሪውን እንደ ኬንያታና ጆሞ ኬንያታ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። በአሜሪካ ደረጃው ከፍ ብሏል። ቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃ ነበር፤ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ለምዝገባ ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ ማስተርስ ያስፈልጋል። በተጨማሪም በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ቢያንስ 1,000 ሰዓት መሥራት ግዴታ ሲሆን፣ ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ እንዲያውም ተማሪው የሚከፍልበት ጊዜ አለ። የኩላሊት በሽተኛ ምግብ የሚወስን ሰው ብዙ ይማር መባሉን አልቃወምም። ወጪው ግን ድሃውን ከበሩ ላይ ያስቀረዋል፤ ስደተኛውን ደግሞ ከበሩም ሳይደርስ።

እኛ ያለን ምንድን ነው? የሦስት ቀን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት። አምስትና ስድስት ወረቀት ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሠራተኛ አለ፤ ሁሉም ተደምሮ ለኮሌጅ አንድ ሴሚስተር አይሆንም። ሥልጠናው አይሰጥ ማለቴ አይደለም። በላዩ ላይ የሚቀጥል ነገር የለም ነው የምለው። ከስደተኞች መካከል ከፍተኛ ትምህርት የደረሱት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 1 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ እስከ 2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ታቅዷል። ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዳፊ የተባለው የጀርመን ነፃ የትምህርት ዕድል ብዙዎችን ረድቷል፤ ሆኖም በዋናነት ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ ውድድሩም ከባድ ነው። ስለዚህ ከዲፕሎማው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄዬ ለጤና ድርጅቶቹ ነው። በየዓመቱ ለአጭር ሥልጠና ከሚወጣው ገንዘብ ተቀንሶ፣ ሁለትም ሆኑ ሦስት ከሚዛን ሥራ የተመረጡ ሰዎች ዕውቅና ባለው ኮሌጅ ቢመዘገቡ ምን ይከለክላል? ከኮሌጁ ጋር ስምምነት ተደርጎ የተግባር ልምምዳቸውን እዚሁ ክሊኒክ፣ በተመዘገበ ባለሙያ ፊርማ ቢያደርጉ ሰዓቱ ይቆጠርላቸዋል። እንዲሁ በየቀኑ የሚሠሩት ግን፣ አሥር ዓመትም ቢሆን፣ ለማንም መዝጋቢ አይቆጠርም። «ከተማሩ በኋላ ጥለው ይሄዳሉ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሳይማሩም ይሄዳሉ። ደግሞም አሜሪካ ስደተኞችን የማስፈር ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አግዳለች፤ አውሮፕላን ሲጠብቁ ዕድሜ ከሚያልፍ ትምህርት ቢያልፍበት ይሻላል።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጤና ኮሌጅ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። የውጤት ማስረጃችሁን፣ የሚቻል ከሆነም የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር፣ በዘመድ በኩል አስወጡ። የአቻ ግምት የሚሰጥ ማንኛውም ክፍል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አሜሪካ የደረሱ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ፣ ማስተርሱ ቢርቃቸው በሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርትና በተግባር ልምምድ የሚገኝ የተመዘገበ የዳይቴቲክስ ቴክኒሻን የሚባል ደረጃ እንዳለ ንገሯቸው። ኮሌጅ ሲመርጡ ፕሮግራሙ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከመክፈላቸው በፊት ይጠይቁ።