የአንዲት ደቂቃ ቆጠራ

የፊዚክስ መምህር ስለ ልብ መድኃኒት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፦ መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ አስቀድማ የምትለካው ነገር አለ፤ መለካት ደግሞ የፊዚክስ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ያህል ዲጎክሲን የተባለውን መድኃኒት እንውሰድ። የተገኘው ከዲጂታሊስ ተክሎች ሲሆን፣ የእነዚህን ተክሎች የመድኃኒትነት ጥቅም እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር አስረድቷል። የደከመ ልብ በኃይል እንዲኮማተር ያግዛል፤ የምቱንም ፍጥነት ይቀንሳል። በአገራችንም በሩማቲክ የልብ ሕመም ለተጎዱ ወጣቶች ሲታዘዝ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ኩላሊቱ ጤናማ በሆነ ሰው እንኳ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ስለሆነም የዛሬው ክኒን ትናንትና ከትናንት በስቲያ ከተዋጡት በተረፈው ላይ ይደረባል። በዚህ ላይ እንደ ፉሮሴማይድ ያሉ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች የደምን ፖታሲየም ሲቀንሱ የዲጎክሲን መርዛማነት ይበረታል።

በዚህ ምክንያት ነርሶች አንድ ሕግ ይማራሉ፦ ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት ማዳመጫው ደረት ላይ ተደርጎ የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ በአዋቂ ሰው ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይቆይና ሐኪም ይጠየቅ።

ሥራ በበዛበት ክፍል ግን 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያጓጓል። በዚህ ምን ይጠፋል? በማናቸውም ቆጠራ መነሻና መድረሻ ላይ የአንድ ምት ያህል ስሕተት ሊኖር ይችላል። በሙሉ ደቂቃ ቆጠራ ይህ ስሕተት አንድ ሆኖ ይቀራል፤ በ15 ሴኮንድ ግን በ4 ተባዝቶ አራት ይሆናል። የልቡ ምት በደቂቃ 58 የሆነ ታካሚ በ15 ሴኮንድ 14 ወይም 15 ሊቆጠርለት ይችላል። የመጀመሪያው 56 ይሆንና ክኒኑ ይቆያል፤ ሁለተኛው 60 ይሆንና ክኒኑ ይሰጣል። የታካሚው ልብ ግን ያው አንዱ ልብ ነው። ምቱ ሥርዓት ያጣ ከሆነማ ሩብ ደቂቃ ስለ ቀሪው ሦስት ሩብ ዋስ ሊሆን አይችልም። የእጅ አንጓን መዳሰስም አይበቃም፤ ደካማ ምቶች እስከዚያ ሳይደርሱ ይቀራሉና።

አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ እያላት ይህን ሁሉ ደቂቃ ከየት ታምጣ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኛም እናስላው። ዲጎክሲን የሚወስዱት አምስት ታካሚዎች ቢሆኑ፣ በአቋራጩ የሚተርፈው ጊዜ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለአራት ደቂቃ ሲባል የሰው ሕይወት ለዕጣ ሊጣል አይገባም።

ጥፋቱን በነርሶች ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ምክንያቱ ሳይነገረው ሕግ የሸመደደ ሰው፣ ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያሳጥረው ያንኑ ሕግ ነው። በእኔ እምነት የሳይንስ መምህራን ለነርስ ተማሪዎች የልኬት ስሕተትን በዚሁ የልብ ምት ቆጠራ ልናስተምራቸው ይገባል። የሆስፒታል ኃላፊዎችም የሥራ ድልድል ሲያወጡ ይህችን ደቂቃ ከመድኃኒቱ ጋር አብራ እንደታዘዘች ሊቆጥሯት ይገባል።