መጀመሪያ ልጁን እወቁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ሽጡ

ሰኔ በደረሰ ቁጥር ዌስት ፊላደልፊያ ባሉ የሐበሻ ቡና ቤቶች የቅርጫት ኳስ ወዳጆች የምንከራከረው በአንድ ጉዳይ ነው። በኤንቢኤ ድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) አንደኛ ምርጫ የደረሰው ክለብ ምርጫውን ይያዝ ወይስ ይለውጥ? አብዛኛው ሰው ስሌቱን ከቀረበው ዋጋ ይጀምራል፤ ስንት ምርጫ፣ ስንት ተጫዋች እያለ ይቆጥራል። እኔ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው እላለሁ፦ የምንፈልገው ልጅ ማን ነው? ወደ ኋላ ብንወርድስ እናገኘዋለን?

እ.ኤ.አ. በ2017 አንደኛው ምርጫ የቦስተን ሴልቲክስ ነበር። ሦስተኛውን የያዘው የእኛው የፊላደልፊያ ሲክሰርስ ማርኬል ፉልትዝን ካላገኘሁ አለ። ድራፍቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ተለዋወጡ፤ ቦስተን ሦስተኛውን ምርጫና ለወደፊት አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ወሰደ። የቦስተኑ አለቃ ዳኒ ኤይንጅ አንደኛ ሆኖ የሚመርጠውን ልጅ ሦስተኛ ሆኖም እንደሚያገኘው ያምን ነበር። ሁለተኛ የሚመርጠው ሌከርስ እንደተጠበቀው ሎንዞ ቦልን ሲወስድ ጄሰን ቴተም ለቦስተን ቀረ።

ምርቃት ሆኖ የተጨመረው የመጀመሪያ ዙር ምርጫስ ምን ሆነ? በ2019 አሥራ አራተኛ ምርጫ ሆኖ መጣ፤ የተመረጠው ሮሚዮ ላንግፎርድም ቦስተን ብዙ አልቆየም። ቴተም ግን በ2024 ዋንጫ አነሳ። ትርፉ ልጁን ለይቶ ማወቁ ነበር።

ፉልትዝ ለሲክሰርስ በመደበኛው ውድድር የተጫወተው 33 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2018 ማያሚ ላይ የቅጣት ውርወራ ሊወረውር ኳሷን ከፍ አድርጎ መሃል ላይ ሲገታት ስናይ አንጀታችን ተላወሰ። ቆይቶ በአንገትና በትከሻ መካከል ነርቭ የሚጫን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ሲመረጥ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። በእርሱ ላይ የተሰነዘረው ስድብ ሁሉ ግፍ ነው። ዋጋውን የቆረጡት አለቆች ናቸው፤ ተጠያቂነቱም የእነርሱ ነው።

ከተማችን በምርጫ ልውውጥ ስትጎዳ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1986 ክለባችን አንደኛውን ምርጫ ለክሊቭላንድ ሰጥቶ ሮይ ሂንሰንንና ገንዘብ ተቀበለ፤ በዚያው ቀን ኮከቡን ሞሰስ ማሎንን ለዋሽንግተን አሳልፎ ሰጠ። ክሊቭላንድ የመረጠው ብራድ ዶኸርቲ አምስት ጊዜ ለኦል ስታር ተመረጠ። ሂንሰን ሁለት ዓመት ሳይሞላው በልውውጥ ወደ ኒው ጀርሲ ሄደ።

«ምርጫ በበዛ ቁጥር ዕድል ይበዛል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ነገር ግን ሜዳ የሚገቡት አምስት ናቸው፤ ሦስት መካከለኛ ተጫዋች ተደምሮ አንድ ቴተም አይወጣውም። የሚፈልገውን ልጅ ለይቶ ያወቀ፣ ዝቅ ብሎም እንደሚያገኘው የተማመነ ክለብ ይለውጥ። ያላወቀ ግን የቀረበለት ዋጋ ምንም ያህል ቢያጓጓ ምርጫውን አጥብቆ ይያዝ።