ግዝቱ ለገበሬው ብቻ ነውን?

ይድረስ፦ በደጀንና በዓባይ በረሃ አፋፍ ላሉ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት



ዝናም ሲዘገይ ምህላ ታውጃላችሁ፤ እኛም እግዚኦታውን ከእናንተ ጋር እናደርሳለን። ሰኔ 26 ዘመነ ክረምት ሲገባ ስለ ዝናማቱና ስለ ቡቃያው ትማልዳላችሁ። ሰማዩም ምድሩም የእግዚአብሔር መሆኑን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁና በዚህ የምንከራከርበት ነገር የለም። የምጽፍላችሁ ስለ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ነው።

ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ አፋፍ ያለውን አገር ላየ፣ ጽዱና ወይራው ዛሬም ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። የቀረው እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኗል። ይህን ቅሪት ለዘመናት የጠበቀው ግዝት ነው። ገበሬው ማገዶ ቸግሮት እንኳ «የታቦቱ ነው» ብሎ ቅርንጫፍ አይሰብርም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት መዝግበዋል፤ 160ው አገር በቀል ነው። የእግዚአብሔርን ባለቤትነት ማመን ምን ያህል ደን እንደሚያቆይ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ያው ጥናት የሚያስደነግጥ ነገርም አለው። የአብዛኞቹ የአገር ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ቆይቶ አይበቅልም። እናቲቱ ዛፍ ከተቆረጠች ዘሯም አብሯት ይጠፋል፤ የበቀለውንም ቡቃያ ከብት ይግጠዋል።

አባቶቼ፣ ድፍረቴን ይቅር በሉኝ፤ ገበሬው ግዝት ፈርቶ የማይነካውን ዛፍ በአንዳንድ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤው ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ያስቆርጠዋል። በምትኩ ባሕር ዛፍ ይተከልና አጣናው ይሸጣል። ባለጸጋ ሲሞት ለሲሚንቶ መቃብሩ ቦታ ይመነጠራል። ለንግሡ ድግስ የሚነደውም እንጨት ከዚያው ይመጣል። ምክንያቱ አይጠፋኝም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጥታለች፤ ቆርቆሮውም የካህናቱም ደመወዝ ገንዘብ ይጠይቃል። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የእንጨት ችግር የመጣው ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቶሎ ይሸጣል። ከዐጸዱ ውጭ ይተከል፤ ማንም አይቃወምም። ዐጸዱ ውስጥ ሲገባ ግን ከአገር ዛፉ ጋር ውኃ ይሻማል።

ይህን ስናነሣ የምንሰማው መልስ «ሁሉም በእሱ ፈቃድ ነው» የሚል ነው። ጎረቤቱ በቅሎ በአደራ የሰጠው ሰው በቅሎዋን አስርቦ ቢገድል «ባለቤቷ አንተ ነህ» ብሎ ያመልጣልን? ባለቤቱ በታወቀ መጠን የአደራው ተጠያቂነት ይከብዳል። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የታዘዘው ከመውደቁ በፊት ነው። ስለዚህ ዛፍ መጠበቅ ከበደል ቅጣት ጋር የመጣ ሸክም አይደለም፤ ለሰው ከተሰጡት ሥራዎች የመጀመሪያው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈራችን ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የዓባይ ግድብ ከሚገባውም ደለል ከፊሉ ይኸው ነው። ጎርፉን የእግዚአብሔር ቁጣ ማለት ይቀለናል። ዳገቱን ያራቆተው ግን መጥረቢያችንና ማረሻችን ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ግዝቱ በሰበካ ጉባኤውም ላይ ይሥራ፤ ከዐጸዱ የአገር ዛፍ የሚያስቆርጥ ውሳኔ አይጻፍ። ሁለተኛ፣ ዐጸዱ ውስጥ የገባው ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ጉቶው ይነቀል፤ በቦታውም ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ ይተካ። ሦስተኛ፣ የሲሚንቶ መቃብር ልክ ይበጅለት። ሀብታሙም ድሀውም አፈር ነውና በአፈር ይረፍ። አራተኛ፣ ዐጸዱ በድንጋይ ካብ ይታጠር። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው ይህን አሠርተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ስለሆነ እርሻው ጸድቷል፣ ከብቱም ከቡቃያው ተከልክሏል።

በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ምህላ ስትነግሩን፣ ስለ ዛፉም ንገሩን። የንስሐ አባቶችም ዛፍ መቁረጥን ከሚጠይቁን ኃጢአት አንዱ ያድርጉት፤ ለቀኖናም ስግደቱ ላይ ችግኝ ተክሎ ማሳደግን ይጨምሩልን።

እኛ ምእመናንም ነፃ አይደለንም። ለቆርቆሮና ለደመወዝ የሚበቃ አሥራት ብናወጣ ኖሮ ኮሚቴው ዐጸዱን ባላየ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ ይቅረብና ዛፉ የሚያስገኘው ገንዘብ በዓመት ስንት እንደሆነ ንገሩን፤ በየቤታችን ተከፋፍለን እንተካዋለን። የካቡንም ቀን ቁረጡልን፤ ድንጋዩን ከየማሳችን ተሸክመን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደጀን ምእመን