ልጅቱን ማን ጠየቃት?

የጋሞ አባቶችን አከብራለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም የቡራዩ እልቂት ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት እነሱ ናቸው። አገር ያወቀው ነውና አልደግመውም። የዛሬው ጠቤ ግን ከዚያው ሣር ጋር ነው።

አንዲት ልጅ ከገበያ ወይም ከውኃ መንገድ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ የአባቷን ደጅ ይጠናል። ካሣ ይቆረጣል፣ ይመራረቃሉ። ጣቢያ የደረሰ ክስ ካለም ምስክር ይጠፋና መዝገቡ ይዘጋል። ይህ የጋሞ ብቻ ገመና አይደለም፤ በየአገሩ ያለ ነው። ነገር ግን በዕርቅ ስሙ የተጠራ ሕዝብ ቀድሞ ቢጠየቅ አይክፋው። ኧረ ለመሆኑ ማን ከማን ጋር ነው የታረቀው? አባት ከአባት! ልጅቱስ? ዱቡሻው እንደሆነ ከጥንት የወንድ አደባባይ ነው፤ እሷን ማን ጠርቷት!

«ባህላችን ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴትን የሚጨቁን፣ አካሏን ወይም አእምሮዋን የሚጎዳ ልማድ የተከለከለ ነው ይላል። አንቀጽ 34 ለባህል ዳኝነት ቦታ የሰጠው ለግልና ለቤተሰብ ክርክር፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። መጥለፍ የቤተሰብ ክርክር ሆነ እንዴ?

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክስ የለም ይል ነበር። አበራሽ በቀለ በ1989 ዓ.ም አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው የገደለችው በዚያ ሕግ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ በነፃ ወጣች። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ቀዳዳውን ደፈነ፤ በአንቀጽ 587 ጠላፊ ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም፣ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ሌላ ቀዳዳ ግን ቀረ። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው «ከጋብቻ ውጭ» ሲሆን ነው። ልብ በል አንባቢ! ሽማግሌው ልጅቱን ከደፈራት ሰው ጋር ባጋባ ማግስት፣ ትናንት ወንጀል የነበረው የባል መብት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሣሩ ያበረደው የሁለት አባቶችን ጠብ ነው፤ እሷ ላይ ግን በሩን ቆልፎባታል።

አባቶቼ፣ ደም ለማድረቅ ስትንበረከኩ እኛም አብረን እንንበረከካለን። የተደፈረች ልጅ ነገር ሲመጣባችሁ ግን ሣሩን አስቀምጡና ልጅቱን ይዛችሁ ጣቢያ ሂዱ። «ታርቀዋል» ስለተባለ ብቻ መዝገብ የሚዘጋው ዐቃቤ ሕግስ? ደመወዙን የሚቆርጥለት ማን ነው፣ መንግሥት ወይስ የጠላፊው ዘመድ?