የባንድ ስም ከየት ይመጣል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሰው ስም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። የሮክ ባንዶችን ስም ግን ብዙ ጊዜ ያወጣው የሰፈር ሲኒማ ቤት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሲብስም የስፖርት አስተማሪ ነው። ይህን ለማንሳት የተገደድነው የሙዚቃ ክበባችን ስም አጣሁ ብሎ ልምምድ ካቆመ ሦስተኛ ሳምንቱን ስለያዘ ነው። በክበቡ ያለነውም የሌለነውም ማታ ማታ በክርክሩ እንቅልፍ አጥተናል። ግማሹ «ሱፐር ስታርስ» ካልሆነ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «የዘመናት ብርሃን» ካልተባልን አንጫወትም ባይ ነው። እኛ ሁለቱም አልጣሙንም፤ ምክንያታችንን እነሆ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቢትልስን እንውሰድ። ጆን ሌነን በ1956 ሊቨርፑል ውስጥ ባንዱን ሲያቋቁም ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ኳሪ ባንክ ይባላል፤ ኳሪ ማለት ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ነው። ልጆቹም ራሳቸውን «ኳሪመን»፣ ማለትም ድንጋይ ፈላጮች ብለው ሰየሙ። ከዚያ በኋላ ስሙን ደጋግመው ቀያየሩና በ1960 ቢትልስ ላይ ረጉ። ድምፁን ለሰማ ሰው ጢንዚዛ ማለት ነው። ይወዱት የነበረው የባዲ ሆሊ ባንድ በፌንጣ ዘመድ ስም ይጠራ ስለነበር እነሱም ከነፍሳት ወገን መረጡ፤ አንዲት ፊደል ለውጠው ደግሞ የሙዚቃ ምት የሚል ትርጉም አስገቡበት። ጢንዚዛ መባላቸው ከምንም አላገዳቸውም።

በበርሚንግሃም ደግሞ «ኧርዝ»፣ መሬት የሚባል ባንድ ነበር። ሌላም «መሬት» ስለተገኘ ስም መቀየር ግድ ሆነ። ከሚለማመዱበት ቤት ፊት ለፊት ያለው ሲኒማ ቤት «ብላክ ሳባዝ» የሚል አስፈሪ ፊልም ያሳይ ነበርና በ1969 ያንኑ ወሰዱት። ጥቁር ሰንበት እንደ ማለት ነው። ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ እንደሚገባ ማየታቸው ሙዚቃቸውንም ጭምር ለወጠው። በአውስትራሊያ የያንግ ወንድማማቾች በ1973 ባንድ ሲመሠርቱ እህታቸው ማርጋሬት ከስፌት መኪና ላይ ያነበበችውን ሰጠቻቸው፦ ኤሲ ዲሲ። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ፒንክ ፍሎይድ ደግሞ የሁለት አሜሪካውያን የብሉዝ ተጫዋቾች፣ የፒንክ አንደርሰንና የፍሎይድ ካውንስል የመጀመሪያ ስሞች ተገጣጥመው የተገኘ ነው።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሌነርድ ስኪነርድ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ከተማ ሌነርድ ስኪነር የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ወንድ ልጅ ጸጉር ማስረዘሙን ይከለክላል፤ እሳቸውም ደንቡን ያስከብራሉ። ጊታር የሚመቱ ልጆች ጸጉራቸው ረዝሞ ሲገኝ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይላኩ ነበር። ልጆቹ ምን አደረጉ? የአስተማሪውን ስም ፊደሉን አጣመው የባንዳቸው ስም አደረጉት! በ1973 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ስሙ አገር አዳረሰ። ደግነቱ በኋላ ታርቀዋል፤ እኚሁ አስተማሪ በከተማቸው በተደረገ ዝግጅት ላይ ባንዱን ለሕዝብ አስተዋውቀዋል። በ2010 ሲያርፉ ግን ጋዜጦች ያነሷቸው በዚያው በጸጉር ነገር ነው። ሰውየው ደንብ ከማስከበር በቀር ምን አጠፉ? ሆኖም ተማሪ ያወጣውን ስም ማን ይፍቀዋል! ነገ እኛም ከሰሌዳ ፊት ስንቆም ይወጣልናል። አሁንም እዚህ ያላወጣንለት መምህር ያለ አይመስለንም (ዝርዝሩን ለጋዜጣው ሰላም ስንል አንጽፈውም)።

የአገራችንም ባንዶች ቢሆኑ ስም ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ዋልያስ ባንድ ከሰሜን ተራሮች እንስሳ፣ ዳህላክ ባንድ ከቀይ ባሕር ደሴቶች፣ ሮሃ ባንድ ከላሊበላ የጥንት ስም ወስደዋል። ከሮሃ አባላት ብዙዎቹ ቀደም ሲል አይቤክስ በሚባል ባንድ ይጫወቱ ነበር፤ ይህም ያው የዋልያ ወገን የፈረንጅ ስም ነው። ከፈረንጅ ስም ወደ ሮሃ መምጣታቸውን «ሱፐር ስታርስ» የሚሉን ወንድሞቻችን ልብ ይበሉልን።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ «ጠመኔ» ነው። ጠመኔ ባንድ። ገና ከአፋችን ሳይወጣ «ምን ዓይነት ተራ ነገር ነው፣ ደግሞስ ይሰበራል» ያሉን አሉ። የስፌት መኪናውስ ምን ያህል የከበረ ነበር? «የዘመናት ብርሃን»ን ያህል ስም ተሸክሞ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የክራሩ ጅማት ቢበጠስ እኮ ዘመናቱ በሙሉ ይጨልማሉ! ጠመኔ ቢሳሳት ግን ተጠርጎ እንደገና ይጻፋል። ማንም ሠልጣኝ ደግሞ ኪሱን ቢፈትሽ ስባሪውን አያጣም።

ከዚህ የተሻለ ያለው በዚሁ ወረቀት ግርጌ ይጻፍልን፤ ቦታ ትተናል። ስብሰባው ዓርብ ከእራት በኋላ ነው። ከበሮውን ግን እስከዚያ አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ያውጣው፤ ቆዳው ላልቷል።